ከመስቀል በኋላ ጎንበስ በሉ፦ የፐርዟን መዶሻ ኦርኪድ ሳይረግጡ የማየት መመሪያ

ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት መስከረም ሲጠባ በጣም ከፋኝ። እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ግን አደይ አበባ የለም። ቄጤማም የለም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ና፣ አገራችን የሚያበቅለውን ላሳይህ» ብሎ ከከተማ ይዞኝ ወጣ። ከመኪና ወርደን ትንሽ እንደተራመድን «ቁም! እግርህን እንዳታነሳ» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ከጫማዬ ጫፍ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ አንዲት ቅጠል አሸዋው ላይ ተለጥፋለች። የልብ ቅርጽ አላት። መጠኗ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ዘይት የተቀባች ይመስል ታበራለች። አንድ እርምጃ ብጨምር ኖሮ አልቆላት ነበር። «አበባዋን ለማየት ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እንመጣለን» አለኝ።

ሄድን፣ አየናት። ከዚያ ወዲህ ያላየኋት ዓመት የለም። ይህን መመሪያ የምጽፈው እዚሁ ፐርዝና አካባቢው ለምትኖሩ፣ ወይም በዚያ ወቅት ዘመድ ጥየቃ ለምትመጡ ነው። አበባ እናያለን ብለው ወጥተው፣ ሳያውቁት አበባውን ረግጠው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። እኔም ለጥቂት ከእነሱ አንዱ ሳልሆን ቀረሁ።

የምንፈልገው ምኑን ነው?

በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ብቻ የሚበቅሉ፣ ሌላ የትም አገር የሌሉ አሥር የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ። እዚህ ሰው «ሀመር ኦርኪድ» ይላቸዋል፣ መዶሻ ኦርኪድ ማለት ነው። ሳይንሳዊ የወገን ስማቸው ድራኪያ ነው። ስሙ የመጣው ሣራ አን ድሬክ ከምትባል እንግሊዛዊት ሠዓሊ ነው። ይህች ሴት ጆን ሊንድሌይ ለሚባለው የዕፅዋት ሊቅ ከሺህ በላይ የአበባ ሥዕሎችን ሠርታለች። ሊንድሌይ እ.ኤ.አ. በ1840 ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገባት ዝርያ ድራኪያ ኢላስቲካ ትባላለች። «ኢላስቲካ» የተባለችው አበባዋ እንደ ክርን ስለሚታጠፍ ነው። ይህ መመሪያም በዋናነት የእሷ ነው። እጅግ ብርቅ ናት፣ በአውስትራሊያ ሕግም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዕፅዋት መካከል ተመዝግባለች።

ቤቷ የስዋን የባሕር ዳርቻ ሜዳ የሚባለው፣ ፐርዝም የተሠራችበት ዝቅተኛና አሸዋማ ምድር ነው። ከሰሜን ካታቢ እስከ ደቡብ በስልተን ድረስ እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ሆና ትገኛለች። ችግሩ ያ ሜዳ ለቤት፣ ለመንገድና ለእርሻ የሚፈለገው ሜዳ መሆኑ ነው። በዙሪያዋ ያለው፣ ባንክሲያ የሚባለው የአገሩ ዛፍ ጫካም ስለተመነጠረ እ.ኤ.አ. በ2016 ራሱ አደጋ ላይ ያለ ተብሎ ተመዝግቧል።

መቼ? የእኛ ካላንደር እዚህ ይሠራል

ደስ የሚለኝ ነገር ይኼ ነው። የምድር ወገብን ተሻግረን፣ በጋና ክረምት በተገለባበጠበት አገር ብንኖርም የፐርዝ ዝናብ በወሩ ከእኛ አገር ክረምት ጋር ይገጥማል። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ዝናብ ነው። መስከረም ላይ ይገራል፣ ሜዳው ያብባል። እርግጥ ቅዝቃዜውና ዝናቡ የሚመጡት ከሌላ አቅጣጫና በሌላ ምክንያት ነው። ግን እናቶቻችን በሚያውቁት ወር ቆጥራችሁ ብትወጡ አትሳሳቱም።

የኦርኪዷ ዓመት እንዲህ ነው። በጋውን ከመሬት በላይ ምንም የላትም። አሸዋው ውስጥ እንደ ትንሽ ድንች ያለ ሥር ሆና ትተኛለች። ዝናቡ አፈሩን ሲያረሰርሰው፣ ሰኔ አካባቢ፣ ያቺን አንዲት ቅጠል ታወጣለች። ክረምቱን በሙሉ ቅጠሏን ዘርግታ ምግቧን ትሠራለች፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አዲስ ሥር ታዘጋጃለች። ከመስቀል ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ደግሞ አንድ ቀጭን አገዳ ወጥቶ አንዲት አበባ ይሸከማል።

የዚህ ምድር ባለቤቶች የሆኑት የኑንጋር ሰዎች ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍሉታል። ዝናባማውና ቀዝቃዛው ማኩሩ ይባላል። ከእሱ ቀጥሎ ጂልባ ይመጣል፣ ከዚያም ካምባራንግ፣ የአበባ ወቅት የሚሉት። ካምባራንግ እባቦችም ከተኙበት የሚነሡበት ወቅት ነው። ይህን አትርሱት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኔ ምክር ሁለት ጊዜ እንድትወጡ ነው። አንዴ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ቅጠል ለመለየት። ሁለተኛ ከመስቀል በኋላ፣ አበባ ለማየት። በሐምሌ ብርድና ጭቃ ማን ይወጣል ትሉኝ ይሆናል። ቅጠሉን የማያውቅ ሰው ግን መስከረም ላይ ምን እየረገጠ እንደሆነ አያውቅም። አንዷ ተክል ስታብብ በዙሪያዋ በዚያ ዓመት የማያብቡ ብዙ ቅጠሎች አሉ። ዓይናችሁ አበባዋ ላይ ሲቀር እግራችሁ እነሱ ላይ ያርፋል።

የት?

ትክክለኛ ቦታ አልነግራችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ማንም የሚወዳት ሰው አይነግራችሁም። የምነግራችሁ ምን ዓይነት ቦታ እንደምትወድ ነው።

በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ የሚደርቅ ረግረግ ፈልጉ። ረግረጉ ውስጥ ራሱ አይደለችም። ዳር ዳሩን፣ መሬቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ግራጫ ወይም ነጭ አሸዋ በሚጀምርበት ትሆናለች። ስፒርውድ የሚባለው ቀጫጭን ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ፣ መሐል ለመሐል ግን የጠረጴዛ ስፋት የሚያህል ባዶ አሸዋ የሚተውበት ቦታ አለ። እዚያ ባዶ አሸዋ ላይ ናት። ሣርና አረም የወረረው ቦታ ላይ አትልፉ። ከሌላ ተክል ጋር መሻማት አትችልም።

ደግሞ ከብርቋ አትጀምሩ። ድራኪያ ግሊፕቶዶን የምትባል እህት አለቻት። እዚህ ሰዎች «ንጉሥ በሠረገላው» ይሏታል። እሷ በብዙ ቦታ አለች፣ ከነሐሴ ጀምራ ታብባለች፣ በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች የእግር መንገድ ዳርም ትገኛለች። ዓይናችሁን በእሷ አሠልጥኑ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መውጣት ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ የዱር አበባ ማኅበርም ሆነ የአገር በቀል ኦርኪድ ጥናትና ጥበቃ ቡድኑ በወቅቱ ጉዞ ያዘጋጃሉ። አባሎቹ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ፣ ጊዜያቸውን የማይሰስቱ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝኛዬ አይጥምም ብላችሁ አትቅሩ። አንዴ ከተንበረከካችሁ በጣት መጠቆም ይበቃል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጫማ እጠቡ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከሁሉም በላይ የማስበው ስለዚህ ነው።

በዚህ አገር አፈር ውስጥ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የምትባል፣ በዓይን የማትታይ ተሕዋስ አለች። ሰዉ «ዳይባክ» ይላታል። የተክልን ሥር ታበሰብሳለች። ባንክሲያው፣ የሣር ዛፉ፣ ሌላውም ሌላውም ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ይሞታል። አንዴ የገባችበትን ጫካ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። የምትጓዘውም በጭቃ ነው። በጫማ፣ በጎማ፣ በውሻ እግር። እኛ ራሳችን ነን ተሸካሚዎቹ።

ስለዚህ፦

1. ማታውኑ የጫማችሁን ሶል በደረቅ ብሩሽ ፈግፍጉ። ቦዩ ውስጥ የተጣበቀውን አፈር በእንጨት አውጡት። አንዲት ፍሬ አፈር እንዳትቀር።
2. ከሱፐርማርኬት ሜቲሌትድ ስፒሪት ግዙ። ሰባት እጅ ስፒሪት በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ በመርጫ ጠርሙስ አድርጉ። የጫማውን ሥር እስኪርስ ርጩ፣ ይድረቅ። እሳት ይይዛል፣ ከምድጃና ከሲጋራ አርቁት።
3. ጠርሙሱንና ብሩሹን መኪና ውስጥ ይዛችሁ ውጡ። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በሄዳችሁ ቁጥር ትደግሙታላችሁ።
4. የጫካ መግቢያ ላይ የጫማ ማጽጃ ጣቢያ ካለ ተጠቀሙበት። «ዳይባክ» የሚል ምልክት ወይም የተዘጋ በር ካለ አትለፉ።

ዝናብ በጣለ ማግሥት አትሂዱ። እርጥብ አፈር ይጣበቃል፣ ደረቅ አፈር ይራገፋል። በሐምሌ ለቅጠል ስትወጡም ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቁ።

የቀረው ዕቃ ቀላል ነው። ረጅም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ውሃ፣ ኮፍያ፣ የምትንበረከኩበት ትንሽ ጨርቅ። ሁለት ሰፋ ያሉ የላስቲክ ፋሻዎችም ያዙ። እነሱ ለእባብ ናቸው። በረግረግ ዙሪያ ታይገር የሚባለው እባብ አለ፣ በአሸዋው ደግሞ ዱጋይት። ሁለቱም መርዘኛ ናቸው። ካልነካችኋቸው ይሸሻሉ፣ ብታዩ ቆማችሁ አሳልፏቸው። ከነከሰ ግን አትሩጡ፣ አታጥቡት፣ አትብጡት። ፋሻውን ከተነከሰው ቦታ ጀምራችሁ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሙሉ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ሰውዬው እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ 000 ደውሉ።

አፈላለግ

የእግር መንገዱን አትልቀቁ። ከመንገዱ ላይ ሆናችሁ ብቻ የምታዩት ለአንድ ቀን ይበቃል። መንገዱ ሰፊ አሸዋ ሲያቋርጥ ቁሙ። ወዲያው አትፈልጉ። መጀመሪያ እግራችሁ ሥር፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ ርቀት፣ ቀጥሎ ሁለት ክንድ። እንደ ምስር ለቀማ አድርጉት። እህል ስትለቅሙ ሰፌዱን በሙሉ አንዴ አታዩም፣ ጥግ ይዛችሁ እየገፋችሁ ትመጣላችሁ። እናቴ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ የተማርኩት ነገር በእርግጥ የጠቀመኝ እዚህ ነው።

ቁመት ጠላታችሁ ነው። ከቆመ ሰው ዓይን ይህች ቅጠል የደረቀ ቅጠል ናት። ቁጢጥ በሉ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ጎን ሲሆን፣ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ እዩ። የኢላስቲካ ቅጠል ያኔ ብርሃኑን ይመልሳል። ብልጭ የምትለው እሷ ናት።

መለያውም ይኸው ነው። የኢላስቲካ ቅጠል ደማቅ አረንጓዴና አንጸባራቂ ነው፣ ስፋቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር። የእህቶቿ ቅጠል ደብዛዛ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ጅማቶቹም ጎላ ያሉ ናቸው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አንዴ ካያችሁ መቼም አትሳሳቱም።

አንድ ስታገኙ እዚያው ቀጥ በሉ። ብቻዋን አይደለችም። ከመነሣታችሁ በፊት በግራም በቀኝም ያሉትን ቁጠሩ። ልጆች ካሉ ይህን ሥራ ለእነሱ ስጡ፣ ለመሬት ቅርብ ናቸው፣ ዓይናቸውም ከእኛ ይፈጥናል። የእኔ ልጅ በስድስት ዓመቷ እኔ አራት ባልኩበት ቦታ አሥራ አንድ ቆጥራለች።

አበባዋን ማየት

አበባ ስላልኳችሁ ጽጌረዳ እንዳትጠብቁ። ከአሥር እስከ ሠላሳ ሴንቲሜትር የሚሆን ሽቦ የሚመስል አገዳ ታያላችሁ። ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ያየ ሰው «ነፍሳት ያረፈበት እንጨት» ይላል። አበባዋም የምትፈልገው እንዲህ እንድትታይ ነው።

ክንዳችሁን ወደፊት ዘርጉ፣ ክርናችሁን እጠፉ፣ ጡጫ ጨብጡ። ጡጫው የአበባዋ ከንፈር ነው። ያበጠ፣ ጥቁር ቡናማ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ፣ ኪንታሮት የሚመስል ነገር የፈሰሰበት፣ በአንዱ ጫፍ ፀጉራም። ክርኑ ማጠፊያው ነው። ነፋስ ሲነካው ጡጫው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። ከትከሻው ወገን ደግሞ የአበባው ዱቄት ያለበት ምሰሶ አለ። ሌሎቹ የአበባ ክፍሎች ቀጫጭን ሆነው ወደ ኋላ ተጣጥፈዋል፣ ዓይን እንዳይሻሙ።

ያ ጡጫ የሴት ተርብ ምስል ነው። የዚህ አገር አንዳንድ ተርቦች ሴቶቻቸው ክንፍ የላቸውም። ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት አፈር ውስጥ የጢንዚዛ ትል ሲያድኑ ነው። ሴቷ ለመጋባት ስትፈልግ ወጥታ ሣር ወይም እንጨት ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሽታ ትለቃለች። ወንዱ በሽታው ይመጣል፣ አቅፎ ይዟት ይበራል፣ ምግብ ወዳለበትም ይወስዳታል። ኦርኪዷ ያንን ሽታ ትሠራለች። ቅርጹንም፣ ቁመቱንም አስመስላለች። ወንዱ መጥቶ ጡጫውን አቅፎ ሊያነሣ ሲሞክር ጡጫው ከአገዳው ጋር የተያያዘ ነው። ክርኑ ይታጠፋል። ተርቡ ራሱ በበረረበት ኃይል ተገልብጦ በጀርባው ምሰሶው ላይ ይላተማል። የአበባው ዱቄት በጥቅል ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ሌላ አበባ ላይ ሲደገም ያ ጥቅል እዚያ ይቀራል። ማርም ሌላ ክፍያም የለም። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ዝርያ የሚጠራው የራሱን ተርብ ብቻ ነው። ተርቧ አፈር ውስጥ የምታድነው ትል ከጠፋ ተርብ የለም፣ ተርብ ከሌለ ዘር የለም። ለዚህ ነው አበባዋን ብቻ አጥሮ ማስቀመጥ የማይበቃው።

ማጠፊያውን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ማየት ያምራችኋል። ተዉት። ነፋሱ ያሳያችኋል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቁጢጥ በሉ።

ተርቡን መጠበቅ

ፀሐያማ፣ ሞቅ ያለና ነፋሱ የሰከነ ቀን ምረጡ። ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ወንዶቹ ዝቅ ብለው አሸዋውን ሲያስሱ ታያላችሁ። ከአበባዋ ሁለት እርምጃ ያህል ራቁ፣ ጥላችሁ አይረፍባት፣ ሽቶ አትቀቡ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የሚመጣው ወንድ ተርብ ስለሆነ አይናደፍም፣ መናደፊያ ያላት ሴቷ ናት።

ብዙ ጊዜ አይመጣም። አጥኚዎች አበባ ወደ አዲስ ቦታ ሲያቀርቡ ተርቦቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣሉ፣ ከዚያ ግን ቁጥራቸው ቶሎ ይቀንሳል። የተታለለ ተርብ ያንን ቦታ ይሸሻል። አበባዋ እዚያው ከርማ ከሆነ የአካባቢው ተርቦች አውቀዋታል ማለት ነው። እኔ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሙሉውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ነበር፦ አረፈ፣ ተገለበጠ፣ ሄደ። አገዳዋ ብቻ ትንሽ ስትወዛወዝ ቀረች። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ተርብ ለመጥራት ብላችሁ አበባ እንዳትቀጥፉ። ያንን የሚያደርጉ አጥኚዎች ፈቃድ አላቸው። ያለ ፈቃድ የዱር አበባ መቅጠፍ በምዕራብ አውስትራሊያ ሕግ ክልክል ነው፣ ብርቅ ዝርያ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ከባድ ነው።

ፎቶ

ስልክ ይበቃል። ትልቁ ችግር ስልኩ ቀጭኗን አበባ ትቶ ከኋላዋ ያለውን ቁጥቋጦ ጥርት አድርጎ ማንሣቱ ነው። እጃችሁን ከአበባዋ ጀርባ፣ ሳትነኩ፣ አድርጉ። ስልኩ እጃችሁ ላይ ፎከስ ሲያደርግ ቆልፉት፣ እጃችሁን አንሡ፣ ከዚያ ፎቶዋን አንሡ። ነፋስ ካለ ጓደኛችሁ ኮቱን ይዞ ይጋርድ። ደጋግማችሁ አንሡ፣ ከሃያው አንዱ ይሆናል።

ከመንበርከካችሁ በፊት ጉልበታችሁ የሚያርፍበትን መሬት በእጃችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ፈትሹ። መተኛት ቢያምራችሁ እንኳ አትተኙ። ፎቶ ለማሳመር ብሎ አጠገቧ ያለውን ሣርና እንጨት መንቀልም የለም። ያ እንጨት በጋ ላይ ጥላዋ ነው።

አትቆፍሩ፣ አትግዙም

«ሥሯን አውጥቼ ጋርደን ብተክላትስ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። በቅን ልቦና ነው የጠየቀኝ፣ ስለዚህ በቅንነት ልመልስ። ትሞታለች። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ ውስጡ ስንቅ የለውም። እንዲበቅል የሚመግበው አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ነው። የመዶሻ ኦርኪዶች የሚስማማቸው ቱላስኔላ የሚባለው ወገን ነው። ካደገች በኋላም ከእሱ ጋር እንደተያያዘች ትኖራለች። ሥሯን ስታወጡ ያንን ሁሉ በጠሳችሁ። ማሰሮ ውስጥ አንድ ዓመት ያለፈውን ክረምት ስንቅ በልታ ትቆይ ይሆናል፣ ከዚያ ታልቃለች። ከዱር ተቆፍሮ የመጣ ኦርኪድ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለም አትግዙ።

ኦርኪድ ማሳደግ ካማራችሁ በሕጋዊ መንገድ የተባዙ፣ ለማሰሮ የሚስማሙ የአውስትራሊያ ኦርኪዶች አሉ። አረንጓዴ ኮፍያ የሚመስለው ቴሮስታይሊስ ለጀማሪ ይሆናል። ከላይ የጠቀስኩት የኦርኪድ ቡድን አባላት ከየት እንደሚገዛ ይነግሯችኋል።

ያያችሁትን ማስመዝገብ

ኢላስቲካን አገኘሁ ብላችሁ ካመናችሁ ዝም አትበሉ። የግዛቱ የብዝኀ ሕይወትና ጥበቃ መሥሪያ ቤት አደጋ ላይ ላሉ ዕፅዋት የተዘጋጀ የሪፖርት ቅጽ አለው፣ ድረ ገጹ ላይ ታገኙታላችሁ። የሚጠቅመው መረጃ ይህ ነው፦ ቀኑ፣ ቦታው በጂፒኤስ ቁጥር፣ ስንት ቅጠል፣ ከእነሱ ስንት አበባ፣ መሬቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አጠገቡ የታየ አደጋ ካለ፦ አረም፣ የመኪና ጎማ፣ የጥንቸል ጭረት። የቅጠሉንም የአበባውንም ፎቶ አያይዙ። ቅጠሉ ካልታየ ዝርያውን ማረጋገጥ ይቸግራል።

አይናቹራሊስት የሚባለውን አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ራሱ ይሸፍናል። ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ጥንቃቄው የእናንተ ነው። የስልካችሁን ካሜራ ሎኬሽን ወደ ቦታው ከመሄዳችሁ በፊት አጥፉት። ቁጥሩን ለሪፖርቱ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከፎቶው ኋላ የመንገድ ምልክት ወይም አጥር እንዳይታይም ተጠንቀቁ። «የት ነው?» ብሎ በኮሜንት ለሚጠይቃችሁ ይህን መመሪያ ላኩለት።

ስትመለሱ

መኪናው ጋ እንደ ደረሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጫማችሁን ዳግመኛ ፈግፍጉና ርጩ። አፈሩ እዚያው ይቅር። ቤት ስትገቡ ካልሲያችሁን፣ ከጉልበታችሁ ኋላና የልጆቹን ፀጉር ሥር ለመዥገር ፈትሹ።

ከዚያ ስልካችሁ ካላንደር ላይ ለሚቀጥለው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ያዙ። እዚያው ቦታ ተመልሳችሁ ቅጠሎቹን ቁጠሩ፣ ቁጥሩን ካምናው ጎን ጻፉት። እኔ የማውቀው ቦታ ላይ አምና 23 ነበሩ፣ ዘንድሮ ደግሞ 19። ከአራቱ ሁለቱ የነበሩበት ላይ የሰው የጫማ ዱካ አለ።